የማን ብር ነው? ግራ ስለሚያጋቡ የቴሌቪዥንና የመብራት ክፍያዎች

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ቢል ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየወሩ ከየቤታችን የሚወጣ፣ ለምን እንደ ወጣ በውል የማናውቀው ገንዘብ ቀላል ነገር አይደለም። የቴሌቪዥኑ፣ የመብራቱ፣ የስልኩና የኢንተርኔቱ ክፍያ ሲደመር የልጅ ደብተርና ጫማ የሚገዛ ገንዘብ ይሆናል።

ቡናችንን ይዘን ገበያ ስንወርድ እንዴት እንደምንጠነቀቅ እናውቃለን። ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን እናያለን። ጆንያው ስንት እንደሚቀነስለት እንጠይቃለን። የቀይ ቡናው የዕለቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ጀንፈሉ በስንት እንደሚያዝ ሳንሰማ እጃችንን አንሰጥም። ሻጭ ስንሆን እንዲህ ነን። ከፋይ ስንሆን ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይጠፋል። ስልኩ ላይ የመጣውን ቁጥር አይተን፣ «ይሄን ያህል ነው አሉ» ብለን እንከፍላለን። ለምን አምና ከነበረው በለጠ? ለምን ከጎረቤት በለጠ? ለምን ከፍለንም ስዕሉ አልመጣም? እነዚህን ሳንጠይቅ እናልፋለን።

ቢል ግራ የሚያጋባው ሒሳቡ ከባድ ስለሆነ አይመስለኝም። አራተኛ ክፍል የተማረ ልጅ የሚችለው መደመርና ማካፈል ነው። ግራ የሚያጋባው በአንድ ድምር ውስጥ የተለያዩ ባለቤቶች ያሉት ገንዘብ ተደባልቆ ስለሚመጣ ነው። አንዱ የአገልግሎት ሰጪው ነው፣ አንዱ የመንግሥት ግብር ነው፣ አንዱ ክፍያውን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የመሃል ሰው ነው፣ አንዱ ደግሞ ካለፈው ወር የቀረ ውዝፍ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ቢል ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ነው?» ሳይሆን «የማን ነው?» ይሁን። ከዚያ «የየትኛው ቀን ነው?»፣ ከዚያ «ማን አዘዘው?» በሉ። ዛሬ የምናገረው በሙሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች አይወጣም።

ከቴሌቪዥኑ ልጀምር። በሌላው ዓለም በብዙ ቦታ ቴሌቪዥን በመሬት ውስጥ በተቀበረ ወይም በእንጨት ላይ በተዘረጋ ኬብል ወደ ቤት ይገባል። ኬብል ቴሌቪዥን የሚባለው እሱ ነው። እኛ አገር ግን ያ አልተስፋፋም። ወደ ቤታችን የሚመጣው በሳህን ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሳህን ከሰማይ የሚቀበለው ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ነጻና የሚከፈልበት። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እሱን ባለማወቅ ነውና።

ነጻው ኢትዮሳት የምንለው ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኤንኤስኤስ-12 በተባለውና በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በቆመው ሳተላይት ላይ ተሰባስበው የሚሰራጩበት ነው። ለእሱ የወር ክፍያ የለም። ሳህን፣ ሳህኑ ላይ የሚገጠመውን መቀበያ (ኤልኤንቢ)፣ ሪሲቨርና ኬብል ትገዛላችሁ፣ ለሚተክለው ባለሙያ የጉልበቱን ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ በነፋስ ቢዛባ ለማስተካከል፣ ኤልኤንቢው ቢበላሽ ለመቀየር ትከፍሉ ይሆናል። ይህ የጥገና ዋጋ ነው። «የኢትዮሳት የወር ክፍያ» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ግን የሌለ ነገር እየሸጠላችሁ ነው። «ቻናሎቹን ላድስላችሁ» ብሎ የሚመጣም አለ። ጣቢያዎች ድግግሞሻቸውን ሲቀይሩ ሪሲቨሩ እንደገና መፈለግ አለበት፤ እሱም ከሪሞቱ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፍለጋ ማዘዝ ነው። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ በነጻ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ ነው፤ እባካችሁ ሥሩት።

የሚከፈልበት ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ዲኤስቲቪን ነው። ባለቤቱ መልቲቾይስ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ነበር፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ኩባንያውን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎታል። ዲኤስቲቪ ለእኛ ገበያ አብዛኞቹን ጥቅሎች በአማርኛ ሰይሞ አቅርቧል፤ ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ፕላስ፣ ፕሪሚየም እያለ ከርካሹ ወደ ውዱ ይወጣል። አቦል የተባለ የአማርኛ ጣቢያም ከፍቷል። የባለቤትነት ለውጥ ሲኖር የጥቅል ስምም ዋጋም፣ በየጥቅሉ ውስጥ ያሉት ጣቢያዎችም ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ አምና የያዛችሁትን ዋጋ እንደ ቋሚ አትቁጠሩት።

የጥቅል ነገር እዚህ ላይ መብራራት አለበት። ሰዎች ጥቅልን የሚገዙት ለአንድ ነገር ብለው ነው። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ግን ጨዋታዎቹ ሁሉ በርካሹ ጥቅል ውስጥ አይገኙም። ቅዳሜ ጠዋት ርካሹን ከፍሎ፣ ከሰዓት በኋላ የሚፈልገው ጨዋታ እንደሌለ ሲያውቅ ወደ ላይኛው ጥቅል የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ሲያደርግ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ክፍያ ይመዘገብበታል። በወሩ መጨረሻ ሲያስበው «ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ» ይላል። ሁለተኛው ክፍያ የጥቅሎቹ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ የሚሰላው ለቀሪዎቹ ቀናት ብቻ ይሁን ለሙሉ ወር፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከተከፈለ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ እንጂ ገንዘብ አያመጣም።

ከጥቅሉ ዋጋ በላይ የሚጨመሩ መስመሮችም አሉ። ዲኤስቲቪ በሚሠራባቸው አገሮች ሁለት ዲኮደር በአንድ ደንበኝነት ለማያያዝ ኤክስትራቪው የሚባል ተጨማሪ ክፍያ አለ። ፕሮግራም ለሚቀዳ ዲኮደር የመቅጃ አገልግሎት ክፍያ አለ። በኪራይ የሚታዩ ፊልሞች ካሉም ለብቻ ይከፈላል። ከእነዚህ አንዱ በሒሳባችሁ ላይ ካለ ማን እንዳዘዘው ፈልጉ። አንዳንዴ ሲተከል ባለሙያው አስመዝግቦት ይሆናል፤ አንዳንዴ ልጆች ከሪሞቱ አዝዘውት ይሆናል። ቤት ውስጥ ማንም ያላዘዘው ሆኖ ካገኛችሁት እንዲነሣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን በዚህ በእኛ በሸኮ አካባቢ ልዩ ችግር ወደ ሆነው ነገር ልግባ። ይህ የዝናብና የጫካ አገር ነው። ዝናቡ ሲበረታ ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ ይዳከማል፤ ስዕሉ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። በቡናው ጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቤት ደግሞ ዛፉ ባደገ ቁጥር ሳህኑን ይጋርደዋል። ስዕሉ ሲጠፋ ብዙ ሰው «ክፍያው አልቆ ነው» ብሎ ሮጦ ይከፍላል። ከከፈለ በኋላ ዝናቡ ያባራል፣ ስዕሉ ይመለሳል፤ ክፍያው አስመለሰው ብሎ ያምናል። ያልጎደለ ሒሳብ ላይ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ የተጻፈውን ኮድ አንብቡ። ዲኤስቲቪ ላይ ኢ-16 የሚል ከመጣ ጉዳዩ የደንበኝነት ነው፤ ወይ ቀኑ አልፏል፣ ወይ ከፍላችሁ ፈቃዱ ገና ዲኮደሩ ላይ አልደረሰም። ኢ-48 የሚል ከመጣ ግን ጉዳዩ የሞገድ ነው፤ ዝናብ፣ ዛፍ፣ የተዛባ ሳህን ወይም የላላ ኬብል ነው። ለኢ-48 ገንዘብ መክፈል ምንም አይፈታም።

ሌላም አለ። ከፍለው ዲኮደሩን አጥፍተው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ፈቃዱ የሚመጣው በዚያው በሳተላይት በኩል ስለሆነ ዲኮደሩ መብራት እንዳለው፣ እንደ ተከፈተ መቆየት አለበት። መብራት በሌለበት ሰዓት የከፈለ ሰው መብራት ሲመጣ ከፍቶ ትንሽ ይታገስ። ካልመጣ ስህተቱን የማጽዳት ጥያቄ በስልክ ወይም በመተግበሪያው ይላክ። ሁለተኛ ክፍያ አይላክ።

መብራት ካነሣን አይቀር፣ ቅሬታችሁን አውቀዋለሁ። መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ የቴሌቪዥኑ ቀን አብሮ ሄዷል። ኩባንያው የሚሸጠው ያያችሁበትን ሰዓት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን ቀን ነው። ውሉ እንዲህ ከሆነ ሕገ ወጥ ነው አልልም። ግን መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አካባቢ ደንበኛ ሲመዘገብ ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ወኪሎችም ሲሸጡ እንዲናገሩ እጠይቃለሁ።

ስለ ቀን ቆጠራ ደግሞ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ከብዙ ሰው የሰማሁት ቅሬታ መነሻው እዚህ ነውና። እኛ የምንቆጥረው በኢትዮጵያ ወር ነው፣ የኩባንያው ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ነው፤ የነሱ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ነው። የመክፈያ ቀናችሁ በፈረንጅ ወር በ10ኛው ቀን ነው እንበል። በማርች ወር መጋቢት 1 ላይ ይውላል። በኤፕሪል ሚያዝያ 2፣ በሜይ ግንቦት 2፣ በጁን ሰኔ 3፣ በጁላይ ሐምሌ 3፣ በኦገስት ነሐሴ 4፣ በሴፕቴምበር ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል። ከዚያ በኦክቶበር መስከረም 30 ነው። እንግዲህ «እኔ በየወሩ በ5 ነው የምከፍለው» ብሎ የያዘ ሰው በመጋቢት አራት ቀን አሳልፎ ይገኛል፣ ቴሌቪዥኑም ይዘጋል። «አምስቷ ቀን ወር አይደለችም» ብሎ ጳጉሜንን የዘለለ ሰው ደግሞ አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ስዕሉ ይጠፋበታል። ከፍሎ ሲያበቃ በመስከረም መጨረሻ እንደገና ይጠየቃል፤ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ይመስለዋል። ማንም አልሰረቀውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመክፈያችሁን የፈረንጅ ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። አብዛኞቹ የግድግዳ መቁጠሪያዎቻችን ሁለቱንም አቆጣጠር ይዘዋል።

አንድ ቃል ለዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶች። እንግዳ ተቀብላችሁ፣ የመግቢያ አስከፍላችሁ የምታሳዩ ከሆነ የቤት ደንበኝነት አይበቃችሁም። ለንግድ ቤት የተለየ ደንበኝነት አለ፤ ዋጋውም ይለያል። በቤት ካርድ ለንግድ ማሳየት የውል ጥሰት ስለሆነ በጨዋታው መሃል ሊዘጋባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ከተመልካች የሰበሰባችሁትን መመለስ የእናንተ ዕዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ግብሩ እንሂድ፤ በቢል ላይ ሰውን የሚያስደነግጠው መስመር እሱ ነው። በአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 285 የተጀመረ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቶበታል። ታክሱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ሻጩ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስረክባል። ስለዚህ በቢሉ ላይ ያለው የታክስ መስመር የኩባንያው ገቢ አይደለም። ኩባንያውን በዚያ መስመር መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ ደረሰኝ ሳይሰጥ ታክሱን ከተቀበለ ግን መውቀስ ብቻ ሳይሆን ለገቢዎች መጠቆም ይገባል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። የከፈላችሁት ጠቅላላ 1,150 ብር ነው እንበል፣ ታክሱም በውስጡ ተካትቷል። ብዙ ሰው የ1,150ን 15 በመቶ ያሰላና 172 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ ቢሉ ላይ ግን 150 ብር ተጽፏል፤ «ቁጥሩ አይገጥምም» ይላል። የሚገጥመው እንዲህ ነው። ጠቅላላውን ለ1.15 አካፍሉት፤ 1,000 ይወጣል። የአገልግሎቱ ዋጋ እሱ ነው። ቀሪው 150 ብር ታክስ ነው። ታክስ የሚሰላው ከዋጋው ላይ እንጂ ታክስ ከተጨመረበት ድምር ላይ አይደለም።

በስልክና በኢንተርኔት ላይ ደግሞ አንድ እርከን ይጨመራል። በ2015 ዓ.ም. በተሻሻለው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቴሌኮም አገልግሎት ላይ 5 በመቶ ኤክሳይዝ ገብቷል። አምስትና አሥራ አምስት ሃያ ነው ብሎ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። 100 ብር የሚያወጣ አገልግሎት ኤክሳይዙ ሲጨመር 105 ይሆናል፤ 15 በመቶው የሚሰላው ከ105 ላይ ነው፤ እሱም 15 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ድምሩ 120 ብር ከ75 ሳንቲም ይመጣል። ታክስ በታክስ ላይ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህን አሠራር ብትወዱትም ባትወዱትም ሕጉ ነው፤ እያወቃችሁ ክፈሉት።

ቴሌቪዥኑን የሚያበራው መብራት ነውና የመብራቱንም ቢል እንየው። እዚህ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። የመጀመሪያው ታሪፉ ራሱ እየተቀየረ መሆኑ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ አንድ ቤት በኅዳርና በሚያዝያ እኩል ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም እንኳ ሁለቱ ቢሎች እኩል አይሆኑም። ቆጣሪው ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት የሁለቱን ወራት ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓት አወዳድሩ። ኪሎዋት ሰዓቱ እኩል ሆኖ ብሩ ከበለጠ ታሪፉ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ያለ ምክንያት ካሻቀበ ቆጣሪውን ወይም የንባቡን ነገር ጠይቁ።

ሁለተኛው የእርከኑ ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለ ይወጣል፤ ብዙ የተጠቀመ በአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ የሚከፍለውም ይበዛል። በላዩም በአዲሱ ሕግ መሠረት በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ ለውኃ ደግሞ ገደቡ 15 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ለደሃው ቤት የተደረገ ጥበቃ ነው፤ መልካም ነው። ግን ጥበቃውን የሚያፈርስ ነገር አለ፤ የቆጣሪ ንባብ መዘግየት።

በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም አንዲት እናት አለች እንበል። በየወሩ ከተነበበላት ከ100 በታች ባለው እርከን ውስጥ ትቀራለች፤ ታክስም አይደርስባትም። ንባቡ ሦስት ወር ቆይቶ በአንድ ጊዜ ቢመዘገብባት ግን 270 ይሆናል። ከፍ ወዳለው እርከን ትወጣለች፣ የ200ውንም ገደብ ታልፋለች። አምፖል አልጨመረችም፣ ምጣድ አልገዛችም፤ የቀረው የአንባቢው እግር ነው። እንዲህ ዓይነት ቢል ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ያለፈውንና የአሁኑን ንባብ ቀን ከቢሉ ላይ አንብቡ፤ ልዩነቱ ከአንድ ወር በላይ ከሆነ ፍጆታው በወራቱ ተከፋፍሎ እንዲሰላ በጽሑፍ አመልክቱ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆናችሁ በየወሩ በተወሰነ ቀን የቆጣሪያችሁን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ማስቀመጥ ነው። ፎቶው ቀን ይይዛል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ነው።

ሦስተኛው ከወሩ የመብራት ፍጆታ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው መስመሮች ናቸው። ሳትጠቀሙም የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ቤቱ ተዘግቶ ቢከርምም ይመጣል። ውዝፍ አለ። ለብሔራዊው ጣቢያ የሚሰበሰብ የቴሌቪዥን ክፍያ በቢሉ ላይ ተጽፎ ካገኛችሁት ደግሞ ያ የመብራት ዋጋ አይደለም፤ መብራት አገልግሎት የሚሰበስበው ለሌላ ድርጅት ነው። ከዲኤስቲቪ ክፍያም ጋር አይገናኝም። «ዲኤስቲቪ እየከፈልኩ ለምን ሌላ የቴሌቪዥን ክፍያ?» የሚል ጥያቄ የሚመጣው ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። ባለቤታቸው የተለያየ ነው፤ አቤቱታችሁም የሚሄድበት ቦታ ይለያያል።

የስልኩን በአጭሩ ልለፈው። ካርድ ሞልታችሁ ሳትደውሉ ብር ከጎደለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ቁጥር የሚላክ የመልእክት አገልግሎት ወይም የጥሪ ማሳመሪያ ተመዝግቦባችኋል፣ አለዚያም ቀደም ሲል የተበደራችሁት የአየር ሰዓት ከነክፍያው ተመላሽ ተደርጓል። የዕለት ጥቅስ፣ የኳስ ውጤት፣ የሎተሪ ጥያቄ እያለ የሚመጣው መልእክት መጨረሻ ላይ ማቆሚያው ይጻፋል፤ ወደዚያው ቁጥር ስቶፕ ብሎ መላክ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ስልክ ላይ ይህ በብዛት ይገኛል፤ ቁልፉን ሳያውቁ ይነካሉ። ልጆቻቸው በየወሩ ስልካቸውን ተቀብላችሁ እዩላቸው። ካልተሳካ ወደ ቴሌ የጥሪ ማዕከል 994 ደውሉና ምን ምን እንደ ተመዘገበባቸው ጠይቁ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያዩት የኬብል ቢል ከእኛው የባሰ ነው። ኮምካስት የተባለው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. «የብሮድካስት ቴሌቪዥን ክፍያ» የሚል መስመር በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጀመረ። ስሙ የመንግሥት ግብር ያስመስለዋል፤ ግን ኩባንያው ራሱ የፈጠረው ዋጋ ነበር፣ በየዓመቱም አደገ። የክልል ስፖርት ክፍያ የሚልም ተከተለ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 787 ቢሎችን ሰብስቦ መረመረ፤ ኩባንያዎቹ የፈጠሯቸው ክፍያዎች በጥቅሉ መነሻ ዋጋ ላይ 24 በመቶ ያህል ይጨምሩ እንደ ነበር አገኘ። ሰዉ ጮኸ፣ ቢሉን አሳየ፣ ደብዳቤ ጻፈ። በማርች 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኬብልና የሳተላይት ቴሌቪዥን ሻጮች ጠቅላላውን ዋጋ በአንድ መስመር፣ በግልጽ እንዲያስቀምጡ ደነገገ። ያ ደንብ የመጣው ተራ ሰዎች ቢላቸውን መስመር በመስመር ስላነበቡ ነው። ከዚያ የምንወስደው ይህን ነው። ግብር የሚመስል ስም ያለው ሁሉ ግብር አይደለም፤ ግብር ነው ያላችሁን ሰው የአዋጁን ቁጥር ጠይቁት።

እኛም ሕግ አለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለቴሌኮም ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የደንበኞችን መብት የሚጠብቅ መመሪያም አውጥቷል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለመቶ ብር ቅሬታ ማንም አውቶቡስ አይሳፈርም። ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ቅሬታ የሚጀመረው እዚሁ፣ ከወኪሉ መስኮት ላይ ነው፤ ከዚያ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ቅሬታ ስታቀርቡ «በዝቶብኛል» አትበሉ። በዝቶብኛል የሚል ሰው «ታሪፉ ነው» ተብሎ ይሸኛል። መስመሩን አንሡና ተናገሩ፤ «ይህ መስመር የምን ነው? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? ማን አዘዘው?» በሉ። የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ የስማርት ካርዱን ቁጥር፣ የከፈላችሁበትን የማረጋገጫ መልእክት ይዛችሁ ሂዱ። ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ጻፉ። በሱቅ በኩል ስትከፍሉ ባለ ሱቁ ለድካሙ የሚጨምረው ካለ ለብቻው ይንገራችሁ፤ የማረጋገጫ መልእክቱ ወደ እናንተው ስልክ ሳይገባ ከሱቁ አትውጡ። መልእክቱ ላይ ያለው ብር ከሰጣችሁት ካነሰ፣ የጎደለው የት እንደ ቀረ ወዲያውኑ ታውቃላችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ወኪሎችና ሠራተኞች፣ እናንተን ለመክሰስ አልመጣሁም። ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ያልተብራራላችሁን ነገር እንድታብራሩ ትጠየቃላችሁ። ቢሆንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የጥቅሎቹን ዋጋ፣ በየጥቅሉ ውስጥ ያለውንና የሌለውን፣ ታክሱ ተካትቶ ይሁን አይሁን፣ የመክፈያውን ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር በአማርኛ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሸኮኛ ወይም ቤንችኛ ብቻ ለሚናገር ደንበኛ ደግሞ በቋንቋው ንገሩት። ይህ ወጪ የለውም። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች ደግሞ ይህ ማስታወቂያ በየሱቁ መለጠፉን ዞራችሁ ተመልከቱ፤ ሥልጣኑ አላችሁ።

መምህራን፣ የ1.15ቱን ማካፈል በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በእውነተኛ ቢል አስተምሩት። ልጁ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ የሚያነበው የመጀመሪያ ሰነድ የመብራት ቢል ይሁን።

አሁን መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ። ቢልና ደረሰኝ ይዛችሁ የመጣችሁ አውጡት፤ የስልክ መልእክትም ያላችሁ ክፈቱት። ከፊት ካሉት አባቶች እንጀምርና መስመር በመስመር አብረን እናንብበው።